የሞተው ሰው ሳህን

የሰው ፊት ይለወጣል። ጢም ይላጫል፣ ፀጉር ይመለጣል፣ መነጽር ይደረጋል። የአበላል ልማድ ግን ከሰው ጋር መቃብር ይወርዳል። እኔ ደግሞ መቃብር ወርዷል የተባለን ሰው በአበላሉ ለይቼ ይዣለሁ። ነገሩ የሆነው እዚሁ ናይሮቢ፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው።

ሙሉ እባላለሁ። ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር በእትዬ ጽጌ ምግብ ቤት ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። እትዬ ጽጌ የአክስቴ ባል እህት ናት። ከሊባኖስ ተመልሼ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ በተቀመጥኩበት ሰሞን «ላኩልኝ፣ ሥራ ያስረሳታል» ብላ በሞያሌ በኩል ያስመጣችኝ እሷ ናት። እግዜር ይስጣት፤ ግን ሥራ አያስረሳም። እጅን ይይዛል እንጂ ልብን ምን ይይዘዋል?

ሊባኖስ የሄድኩት እንደ ብዙዎቹ እህቶቻችሁ ለቤት ሠራተኝነት ነበር። ከአሠሪዬ ቤት ጠፍቼ የተጠለልኩት በደቡብ በኩል ባለ የፍልስጤም ስደተኞች ካምፕ ነው። የሊባኖስ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሰው መሸሸጊያው እዚያ ነው። በውስጡ የሚያዘው ጠመንጃ ያለው ነው። ትልልቆቹን ድርጅቶች ዓለም ያውቃቸዋል። የእኛን መንደር የያዙት ግን ከካምፑ ውጪ ስማቸውን ማንም የማይጠራው፣ እዚያው ጠባብ መንገድ ላይ ተወልደው እዚያው ጠመንጃ ያነሱ ጎረምሶች ነበሩ። አንድ መሪ አላቸው፣ አንድ ባንዲራ አላቸው፣ ሥራ ግን የላቸውም።

እዚያ ያሲንን አገባሁ። ያሲን የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ረዥም፣ ቀልደኛ፣ ዱቄት ከቅንድቡ የማይጠፋ ሰው። ሊጥ እንዴት እንደሚናገር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ «ሲነካ ከተመለሰ ደርሷል፣ ካልተመለሰ ተይው፣ ሰው እንኳን ሲነካ ጊዜ ይፈልጋል» ይለኝ ነበር።

ከመንደሩ ታጣቂዎች አንዱ ነዳል ይባላል። የመንገዳችን አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በየጠዋቱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣና ከያሲን እጅ ትኩስ ዳቦ ይቀበላል። ታዲያ የሚበላው ቅርፊቱን ብቻ ነው። ለስላሳውን ውስጡን እያወጣ በጣቶቹ ያድቦለቡልና የሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድረዋል። ያሲን «ሥጋውን ጥሎ ቆዳውን የሚበላ ጅብ ያየሁት አንተን ነው» እያለ ይስቅበት ነበር። ነዳልም አብሮት ይስቃል።

አንድ ቀን የጎረምሶቹ መሪ ከሌላ ቡድን ጋር ተጣላና የዳቦ ቤታችን ጣሪያ ላይ መትረየስ እንዲተከል አዘዘ። ትእዛዙን ይዞ የመጣው ነዳል ነው። ያሲን በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ። «እባክህ፣ መትረየስ ያለበት ጣሪያ ጥይት ይጠራል። ይህ ሁሉ ሕፃን ነገ ዳቦ ከየት ይብላ?» አለው። እኔ ከጀርባ ሊጥ እያሸሁ ነበር። ተኩሱን ሰምቼ ስወጣ ያሲን ከዱቄቱ ከረጢት ሥር ወድቋል። ነዳል ቆሞ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

የገዳይ እናት ለቅሶ ቤት አትመጣም። የነዳል እናት ግን መጣች። አገሩ እናትን በበኩር ልጇ ስም ነው የሚጠራውና ሁላችንም ኡም ነዳል እንላታለን፤ የነዳል እናት ማለት ነው። የያሲን ዘመዶች ሰደቧት፣ ምራቃቸውን ተፉባት። ባልዲና ጨርቅ ይዛ ገብታ፣ ተንበርክካ፣ የዳቦ ቤቱን ወለል በእጇ አጠበችው። የባሌን ደም ያጠበችው የገደለው ሰው እናት ናት።

ብዙም ሳይቆይ ውጊያው ተነሣ። ውጊያው ሲያበቃ የነዳል ፎቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ካምፕ ውስጥ ታጣቂ ሲሞት ልማዱ ይኸው ነው፤ ጠመንጃ እንደያዘ ፎቶው በትልቁ ይታተምና ከበላዩ «ሰማዕት» ተብሎ በየግድግዳው ይለጠፋል። ግድግዳ ላይ የወጣን ሰው ሞቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አካሉ ተጎድቷል ተብሎ የሬሳ ሳጥኑ እንኳ ሳይከፈት ተቀበረ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ገዳዩ ስለሞተ ደም በደም ተዘጋ ብለው ፈረዱ። ይህ ፍርድ ቀላል ነገር አይደለም። ገዳይ ካልተገኘ ደሙ የሚወድቀው በወንድሙ ላይ ነው። ነዳል ደግሞ ራሚ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። ያ ፎቶ በመለጠፉ የያሲን ወንድም ማህሙድ የራሚን እጅ ጨበጠ፤ ራሚም መንገድ ላይ በነጻነት መሄድ ቻለ።

እኔና ኡም ነዳል ጥቁር ለብሰን ከአንድ ሳህን በላን። እኔ ካገሩ ከወጣሁ በኋላም አልተለያየንም። አርብ አርብ ሁለት ጀሪካን ውኃ ይዛ ዳገቱን ወጥታ መቃብር ትሄዳለች፤ አንዱን ነዳል ላይ፣ አንዱን ያሲን ላይ ታፈሳለች። ከዚያ በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች፤ «ባልሽን አጠጥቼዋለሁ፣ ልጄ» ትለኛለች።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ምግብ ቤታችን በፉል ይጨናነቃል። ለፉሉ የምጋግረው የያሲንን ዳቦ ነው፤ ሰሊጥና ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ። አስተናጋጃችን ዋንጂኩ የተበላባቸውን ሳህኖች ተሸክማ ገብታ ማጠቢያው ዘንድ ደረደረቻቸው። ዓይኔ ዝም ብሎ አለፋቸው፤ ከዚያ ተመለሰ። በአንደኛው ሳህን ጠርዝ ላይ የዳቦ ውስጥ እየተድቦለቦለ ተደርድሯል። ቅርፊት የሚባል አልተረፈም።

«ይሄ ሳህን የማን ነው?» አልኩ።

«የዚያ የቅዳሜው ዐረብ» አለች ዋንጂኩ። «ሰሞኑን ደንበኛችን ሆኗል። ሩንዳ ሰፈር ያሉትን ፈረንጆች ጄኔሬተር ነው የሚጠግነው። እህቴ፣ ዳቦሽን ሲወደው! ጋጋሪዋን አመስግኚልኝ፣ ብትወጣ ደስ ይለኛል ብሏል።»

በምግብ ማቀበያው መስኮት አጮልቄ አየሁ። ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጢሙ የለም። ከስቷል፣ መነጽር አድርጓል። ዋንጂኩ ስታልፍ ቀና አለ። ያ ዓይን ነው። ከዱቄቱ ከረጢት በላይ ያየኝ ዓይን።

የሳምቡሳው ዘይት ምድጃው ላይ እየተንደቀደቀ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ድስቱን አየሁት። እጀታውን ሁሉ ይዤው ነበር። እኔ ለስንት ሳምንት በያሲን ዳቦ የያሲንን ገዳይ ስቀልብ ከርሜያለሁ!

እትዬ ጽጌ ገብታ ፊቴን ስታይ ደነገጠች። «ምን ሆንሽ አንቺ? ሙልዬ?»

ነገርኳት። የባሌን አሟሟት ታውቃለች፤ የገዳዩንም «ሞት» እንዲሁ። በመስኮቱ አይታው ተመለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አስካሪውን፣ ዘበኛውን፣ ልጥራና በሩን ይዝጋ። ለፖሊስ እንደውል። ሞቷል የተባለ የካምፕ ታጣቂ ናይሮቢ ገብቷል ካልሽ ምሳውን እዚህ አይበላም» አለችኝ።

«ፖሊስ ምን ያደርገዋል? ያስረዋል፣ ያባርረዋል። የያሲንን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠሩበት። እኔ የያሲንን ስም እየሰማ እንዲቃጠል ነው የምፈልገው።»

«በስመ አብ! ባለፈው እሁድ አጠገቤ ቆማ ስታስቀድስ የነበረችው ይቺ ናት? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉትም አሉ፣ እትዬ» አልኳት።

ስልኬን አውጥቼ በመስኮቱ ፎቶ አነሳሁት። የማህሙድን ስም ከፈትኩና ፎቶውን አስገባሁ። አውራ ጣቴ መላኪያው ላይ ቆመ። ያቆመኝ ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። ቶሎ ማለቁ ነው ያሳዘነኝ። እሱ ሳያውቀው፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ነገሩ ከኋላው እንዲያልቅ አልፈለግኩም። እንዲያየው ፈለግኩ። ስለዚህ ሽርጤን አስተካክዬ፣ አንድ ትኩስ ዳቦ በሳህን ይዤ ወጣሁ።

ሊያመሰግነኝ ብድግ ብሎ ነበር። ዳቦውን ከፊቱ አስቀመጥኩና በዐረብኛ፣ በእነሱ ካምፕ አነጋገር፣ «ቅርፊቱን ብላ፣ ነዳል። ውስጡን እንደ ልማድህ አድቦልቡለው» አልኩት።

ቀለሙ ጠፋ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ሳይሆን ወደቀ። «ሙሉ» አለ።

«ስሜን አትርሳ። ግድግዳ ላይ ነው ትቼህ የመጣሁት። ማን አወረደህ?»

ደጅ ማታቱዎች፣ የከተማው ሚኒባሶች፣ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ ከጎናችን ያሉት ሰዎች ፉል ይበላሉ።

«መሪያችን ነው የወሰነው» አለ በመጨረሻ። «ዳቦ ጋጋሪ ገደላችሁ ብሎ መንደሩ ሁሉ ጠላን። ሴቶቹ በመስኮት ቆሻሻ ውኃ ይደፉብን ጀመር። በሕይወት ካለህ ደሙ አይዘጋም፣ ሞተህ ብትጠፋ ለሁላችንም ይበጃል አለኝ። በሌላ ሰው ፓስፖርት አወጡኝ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው አሸዋ ነው።»

«አንተም እሺ አልክ።»

«እሺ አልኩ።»

ስልኬን አዞርኩለት። ፎቶው አለ፣ ከበላዩ የማህሙድ ስም አለ። «ጣቴን ላሳርፍ?» አልኩት።

ሲያየው አልጮኸም። እጁንም ወደ ስልኩ አልሰነዘረም። «እኔን እዚህ ድረስ መጥተው አያገኙኝም፣ ሙሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ራሚን ነው የሚያገኙት። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ደሜ የፈላው ያኔ ነው። አውቀዋለሁ! ራሚ የኡም ነዳል ጉሮሮ ነው፤ የእሷን ዳቦና መድኃኒት የሚያመጣ እሱ ነው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ባሌን ገደለ፣ ሁለተኛ በውሸት መቃብር ተደበቀ፣ አሁን ደግሞ በወንድሙ ጀርባ ይከለላል። ሁልጊዜ ከፊቱ የሚቆምለት ሰው አለ። ከእኔ ባል ፊት ግን የቆመ ሰው አልነበረም።

«እናትህ ታውቃለች?» አልኩት።

«አታውቅም።»

«አርብ አርብ መቃብርህን ውኃ እንደምታጠጣስ ታውቃለህ? ጉልበቷን እያመማት ዳገቱን እንደምትወጣ? ትናንትም ወጥታለች። አሸዋ አጠጥታ ተመለሰች።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልቤ ቅንጣት አልራራም። እንዲያውም ይህን ሳይ የሚያመውን ቦታ አገኘሁት። ከማህሙድ ስም ወጥቼ የኡም ነዳልን ከፈትኩ።

«ትደውልላታለህ» አልኩት። «አሁን። እኔ ፊት። ፊትህን እያየች።»

«ሙሉ፣ እባክሽ። ፖሊስ ጥሪ። ማህሙድን እዚህ ድረስ አስመጪው፣ አልሸሽም። እሷን ግን አታሳይኝ።»

«ያሲንም አላሳልፍም ሲልህ እባክህ ብሎህ ነበር» አልኩና በቪዲዮ ደወልኩ።

ኡም ነዳል ስልክ ስታነሳ ሁልጊዜ ከፊቷ አቅርባ ስለምትይዘው ግንባሯና ነጭ ሻሿ ብቻ ነው የሚታየኝ። «ሙሉ! ልጄ! በደህና ነው በዚህ ሰዓት?» አለች። ደስታዋ ከድምፅዋ ይፈስሳል። ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩት።

«የማ» አለ። እናቴ ማለት ነው።

ስልኩን ከፊቷ አራቀችው መሰለኝ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቷ ይታያል። ዓይኗ አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ከወዲያኛው ክፍል የወንድ ድምፅ መጣ። ራሚ ነው።

«የማ፣ ማነው የደወለው?»

«ማንም አይደለም» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ሙሉ ናት። አንተ ቁርስህን ብላ።»

ከዚያ ተነሥታ በር ስትዘጋ ሰማሁ። ስትመለስ ድምፅዋ ሌላ ነበር፤ ደረቅ፣ የሽማግሌዎቹን ይመስላል።

«ሙሉ፣ ልጄ፣ ይህ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰውዬ ማነው?»

«ኡም ነዳል...»

«ልጄ ነዳል ሞቷል። ፎቶው ግድግዳው ላይ ነበር። አብረን ቆመን አይተነዋል። አላየሽም?»

ነዳል «የማ፣ እኔ ነኝ» አለ። እንባው አፉ ውስጥ ይገባል።

ኡም ነዳል አየችው። ለአንድ መንገደኛ እንግዳ እንደሚባለው፣ በጨዋ ደንብ፣ «አላህ ለእናትህ ያቆይህ፣ ልጄ» አለችው። «እኔ ግን ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እሱም ጓዳ ቁርሱን እየበላ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ሙሉ፣ ንገሪኝ እንጂ። አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

ገባኝ። ነዳል በሕይወት ካለ ራሚ ይሞታል። ይህች ሴት ከሁለት ልጆቿ አንዱን እንድትመርጥ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ እሷም አንድ ደቂቃ ሳትፈጅ መረጠች። አሁን የምትፈልገው ምስክር ነው። ከተገዳዩ ሚስት የበለጠ ምስክር ደግሞ የለም።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ሞቷል።»

«አላህ ይባርክሽ» አለችና ዘጋች።

ነዳል የጠፋውን ስክሪን እያየ ቀረ። እኔ የማህሙድን ስም መልሼ ከፈትኩ፣ ያልተላከውን ፎቶ እሱ እያየ ሰረዝኩት። ምሕረት አልነበረም። ምስክርነቴን ሰጥቻለሁ፤ የሞተ ሰው ፎቶ ምን ያደርጋል?

ሊሄድ ሲነሣ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመና ልጅ በሚመስል ድምፅ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ... ለዳቦው ብቻ... መምጣት እችላለሁ?» አለኝ።

ዳቦውን ከነሳህኑ ከፊቱ አነሳሁ። «ሙት ዳቦ አይበላም» አልኩት።

ወጥቶ በሞተር ብስክሌቶቹ መካከል ሲያልፍ በመስኮት አየሁት። አስካሪው «ካሪቡ ቴና» አለው፤ ደግመህ ና ማለቱ ነው። ሳይዞር ሄደ። እትዬ ጽጌ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። «አለቀ?» አለችኝ። «አለቀ» አልኳት።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁሉም የሚጠይቀኝ «ታዲያ ይቅር አልሽው?» ብሎ ነው። አላልኩትም። ይቅርታ የጠየቀ መስሎት ከሆነም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሲንን አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ አልጠራውም፤ ያን ልብ ብዬዋለሁ። ደስ ብሎሻል ለምትሉኝም አልዋሻችሁም፤ ደስ ብሎኛል። ማታቱ ውስጥ ተቀምጬ ካሳራኒ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ያን ፊቱን እያስታወስኩ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ባሌን የገደለ ሰው እናት የሌለው፣ ስም የሌለው፣ መመለሻ የሌለው ሆኖ በዚህ ከተማ ይዞራል። ጥይት ይህን ያህል አያደርግም።

የተለወጠው ሌላ ነው። በቀል የእኔ ብቻ ንብረት ይመስለኝ ነበር። እኔ የተጎዳሁ፣ እሱ የጎዳ፣ በመካከላችን ማንም የሌለ። የያሲንን ደም ተንበርክካ ያጠበችውን ሴት በዚያች ሰዓት አልቆጠርኳትም። ስልኩን ያዞርኩት እሱን ልወጋ ነው፤ የገባው ግን በእሷ በኩል አልፎ ነው። ልጇን መጀመሪያ ሲቀብሩት ሰዎች ነበሩ የቀበሩላት። ሁለተኛውን ራሷ በአፏ ቀበረችው፣ እኔ ስልክ ይዤላት። ልጆቼ፣ የምትበቀሉትን ሰው ከመምታታችሁ በፊት ከኋላው ማን እንደቆመ እዩ። አትበቀሉ አልላችሁም፤ እዩ ነው የምላችሁ።

በሚቀጥለው አርብ ድምፅ እንደማትልክልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ላከች። እንደ ወትሮው ዳገቱን ወጥታ ሁለቱንም አጠጥታለች፤ የነዳልንም ጭምር፣ ሰው ያያልና። ራሚ ሊያጭ ነው። ጉልበቷ ትንሽ ተሽሏታል። ከዚያ የጨረሰች መስሎኝ ልዘጋው ስል ትንፋሿ ተሰማኝ፤ ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ «ያ እንግዳ ሰውዬ ግን... እንዴት ከስቷል፣ ልጄ። ዳቦ ትሰጪዋለሽ አይደል?» አለች።

ምድጃው አጠገብ ቆሜ መልሼ መላልሼ ሰማሁት።

«እሰጠዋለሁ» ብዬ ላክሁላት። አሁንም አርብ አርብ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እሰጠዋለሁ እላታለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።